ባለ 8ቱን «128 አድርገህ ሽጥ» ተባልኩ

ወደዚህ ዓምድ የሚመጡት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የፍቅር፣ የትዳርና የጎረቤት ጣጣ የያዙ ናቸው፡፡ የዛሬው ግን ለየት ይላል፡፡ ጣጣውን ያመጣው ከአውራ ጣት የማይበልጥ ዕቃ ነው... ፍላሽ! «ፍላሽ ደግሞ ምን ምክር ያስፈልገዋል?» እንዳትሉ፡፡ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አንብቡት፡፡ ከዚያ በኋላ ኪሳችሁ ውስጥ ያለውን ፍላሽ አውጥታችሁ እንደገና ሳታዩት አትቀሩም፡፡ የጸሐፊውን ስምና አድራሻ እንደ ልማዳችን አስቀርተነዋል፡፡

«ውድ የዓምዱ አዘጋጆች፣ ለጤናችሁ እንደምን ናችሁ? እኔ የ23 ዓመት ወጣት ስሆን የምኖረው ጎንደር ከተማ ነው፡፡ 12ኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ የአባቴ ዘመድ በከፈቱት የሞባይልና የኮምፒዩተር መጠገኛ ሱቅ ገባሁ፡፡ ሥራውን እየነካካሁ፣ እያበላሸሁና እየጠገንኩ ነው የተማርኩት፡፡ በተለይ በፍላሽ ጥገና እጄ ተፍታታ፡፡ ‹ኢንሰርት ዲስክ› እያለ የሚያስቸግረውን፣ ዜሮ ባይት የሚያሳየውን፣ ‹ራይት ፕሮቴክትድ› ብሎ ድርቅ የሚለውን ሁሉ አስነሣለሁ፡፡ ጓደኞቼ ‹ፍላሽን ፍላሽ የሚያደርግ› እያሉ ይቀልዱብኛል፡፡

«ችግሬ የጀመረው የጥር ሠርግ ሊገባ ሲል ነው፡፡ ጋሼ (የሱቁን ባለቤት እንዲህ ነው የምጠራቸው) ከአዲስ አበባ በርከት ያለ ርካሽ ፍላሽ አስመጡ፡፡ ሁሉም ባለ 8 ጊጋ ነው፡፡ ‹አንተ ቁጥሩን መለወጥ ትችል የለ? 128 አድርገው፡፡ ላዩ ላይ የሚለጠፈውን እኔ አሳትማለሁ› አሉኝ፡፡ እንጀራዬ በእሳቸው እጅ ነውና እሺ አልኩ፡፡ ገዢዎቹ አብዛኞቹ ለገበያና ለሠርግ ዕቃ ከአምባጊዮርጊስ፣ ከዳባትና ከደባርቅ ወደ ጎንደር የሚወርዱ ሰዎች ነበሩ፡፡ ‹ራቅ ያለ ሰው ተመልሶ አይመጣም› ይሉ ነበር ጋሼ፡፡

«ሰሞኑን ግን እናቴን የሚያህሉ ሴት ከዳባት መጡ፡፡ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል፡፡ በጥር ልጃቸውን ድረው ነበር፡፡ ቪዲዮ አንሺው የሠርጉን ቀን ሙሉ የሰጣቸው በዚያው ከእኛ በገዙት ፍላሽ ላይ ነው፡፡ ሙሽራው ሲመጣ ይታያል፣ ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ ይታያል፡፡ ከዚያ ወዲያ ያሉት ፋይሎች ስማቸው አለ፣ ሲከፈቱ ግን ባዶ ናቸው፡፡ ‹የኔ ልጅ፣ አባቷ የመረቃት እዚያ ውስጥ ነው፡፡ እሱም በመጋቢት አረፈብኝ፡፡ ሌላው ይቅር፣ ምርቃቱን ብቻ አውጣልኝ› አሉኝ፡፡ ፍላሹን ሳየው የራሴ ሥራ ነው! ‹እስቲ ልሞክር፣ ደውዬ እነግርዎታለሁ› ብዬ ሸኘኋቸው፡፡ እውነቱን ብናገር እሳቸው ምን ይሉኛል? ጋሼስ ምን ይሉኛል? እንቅልፍ ካጣሁ ቆየሁ፡፡ ፍላሽ መጠገን አያቅተኝም፣ ይኼንን ግን በምን ልጠግነው? ምን ትመክሩኛላችሁ?

«እጄን የፈራሁት ነኝ፣ ከጎንደር»

መልስ

ወንድማችን፣ ደብዳቤህ በአንድ ፖስታ ሦስት ጥያቄ ይዟል፡፡ አንደኛው የምርቃቱ፣ ሁለተኛው የእናትየዋ፣ ሦስተኛው የአንተና የጋሼ ጉዳይ ነው፡፡ የመጀመሪያው ጊዜ አይሰጥምና ከእሱ እንጀምር፡፡

ዛሬውኑ ስልክ አንሣ

ምርቃቱን ከፍላሹ ውስጥ አትፈልገው፣ እዚያ የለም፡፡ ለምን እንደሌለ ወደ ታች እንመለስበታለን፡፡ ሌላ ቦታ ግን ሊኖር ይችላል፡፡ የቪዲዮ አንሺውን ስልክ ከእናትየዋ ተቀበልና ደውልለት፡፡ ሠርግ የሚያነሡ ልጆች ሥራቸውን መጀመሪያ ከካሜራው ካርድ ወደ ኮምፒዩተር ይገለብጣሉ፣ እዚያ ይቆርጡታል፣ ይቀጥሉታል፡፡ ብዙዎቹ ሃርድ ዲስካቸው ጢም ብሎ ካልሞላ አያጠፉትም፡፡

«አጥፍቼዋለሁ» ቢልህም ወዲያው ስልኩን አትዝጋ፡፡ ከሃርድ ዲስክ ወይም ከካሜራ ካርድ ላይ ፋይል ሲጠፋ ብዙ ጊዜ የሚሰረዘው ከመዝገቡ ላይ ያለው ስሙ ነው፡፡ ምስሉ ራሱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ተኝቶ ይቆያል፡፡ ስለዚህ «ዲስኩ ላይ ለጊዜው ምንም አዲስ ነገር አትገልብጥበት» በለው፡፡ ፎቶሬክ እና ሬኩቫ የሚባሉ በነፃ የሚገኙ ፕሮግራሞች አሉ፣ ሳትሰማባቸው አትቀርም፡፡ በእነሱ ሞክሩ፡፡ የተገኘውን ሁሉ እዚያው ዲስክ ላይ ሳይሆን ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ፡፡ ካርዱ ከዚያ ወዲህ ተደጋጋሚ ሠርግ አንሥቶበት ከሆነ ግን ተስፋው የመነመነ ነው፣ ዋናው ተስፋህ ኮምፒዩተሩ ነው፡፡

ሌላም መንገድ አለ፡፡ የሙሽራዋ አባት ቆሞ ሲመርቅ ሞባይሉን ያላወጣ የሠርግ ታዳሚ በዚህ ዘመን ይገኛል? ሙሽራዋን፣ ሚዜዎቹን፣ የአጎትና የአክስት ልጆችን አስጠይቅ፡፡ ምስሉ ቢንቀጠቀጥ፣ ግማሹ የሰው ጀርባ ቢሆን ማን ግድ ይሰጠዋል? እናትየዋ የሚፈልጉት የባለቤታቸውን ድምፅ ነው፡፡

ይኼ ሁሉ እስኪያልቅ ፍላሹን ፎርማትም፣ ፍላሽም እንዳታደርገው፡፡ በውስጡ የሚከፈተውን ክፍል ግን አሁኑኑ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጥላቸው፡፡

ጎተራውና ጸሐፊው

እስቲ ደግሞ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ሌሎች አንባቢዎቻችን እንዲገባቸው አንድ ምሳሌ እንስጥ፡፡ አንተ ታውቀዋለህ፣ ግን ብትሰማው አይጎዳህም፡፡

ፍላሽን ፈልቅቃችሁ ብትከፍቱት ሁለት ዋና ነገር ታገኛላችሁ፡፡ አንዱ መረጃው የሚቀመጥበት ቺፕ ነው፣ ጎተራ በሉት፡፡ ሌላው ኮንትሮለር የሚባለው ነው፣ እሱ የጎተራው ጸሐፊ ነው፡፡ (በጣም ትንንሾቹ ላይ ሁለቱ በአንድ ጥቁር ጠፍጣፋ ነገር ውስጥ ተዋህደው ስለሚመጡ ለያይቶ ማየት አይቻልም፡፡) ኮምፒዩተራችሁ ጎተራው ውስጥ ገብቶ አያይም፡፡ የሚነጋገረው ከጸሐፊው ጋር ብቻ ነው፡፡ «ስንት ይይዛል?» ብሎ ይጠይቃል፣ ጸሐፊው ያለውን ያምናል፡፡ ጸሐፊው ምን እንደሚል የሚወስነው ደግሞ ፈርምዌር የሚባለው፣ በውስጡ የተጻፈለት መመሪያ ነው፡፡

የወገራ ገበሬ 128 ኩንታል አስጭኖ መጣ እንበል፡፡ ጎተራው የሚይዘው 8 ኩንታል ነው፡፡ ጸሐፊው ግን መዝገቡ ላይ «128 ይይዛል» ብሎ ጽፏል፡፡ የመጀመሪያው 8 ኩንታል በሥርዓቱ ገባ፡፡ ከዚያ በኋላ የመጣው እያንዳንዱ ኩንታል በስሙ ተመዘገበ፣ እህሉ ግን በጓሮ በኩል መሬት ላይ ፈሰሰ፡፡ መዝገቡን ያየ «እህሌ ሙሉ ነው» ይላል፡፡ ረሃብ መጥቶ ጎተራው ሲከፈት ነው ጉዱ የሚወጣው፡፡ ቁጥሩ በተለወጠ ፍላሽ ላይ የሚሆነው ይኸው ነው፡፡ የፋይሉ ስም አለ፣ መጠኑ ተጽፏል፣ ውስጡ ግን ከመጀመሪያውም አልተቀመጠም፡፡ ያልተቀመጠን ነገር የትኛውም ፕሮግራም፣ የትኛውም የውጭ አገር ላቦራቶሪ አያወጣውም፡፡

አንዳንዱ ጸሐፊ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፡፡ ጎተራው ሲሞላ አዲሱን እህል ከአሮጌው ላይ ያፈስሰዋል፡፡ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ይበላሻል፣ ብዙም ሳይቆይ መዝገቡ ራሱ ይጠፋና ኮምፒዩተሩ «ፎርማት ላድርገው?» እያለ ይለምናችኋል፡፡

የደብዳቤ ጸሐፊያችን የገለጸው ሠርግ የመጀመሪያው ዓይነት ዕጣ ነው የደረሰው፡፡ ሒሳቡን እዩት፡፡ በሴኮንድ 24 ሜጋ ቢት የሚቀርጽ ካሜራ በአንድ ሰዓት ከ10 ጊጋ ባይት በላይ ይሞላል፡፡ 8 ጊጋ ማለት አንድ ሰዓት እንኳን አይሞላም፡፡ የሙሽራው መምጣትና የሚዜዎቹ ጭፈራ ገባ፡፡ ምርቃቱ የመጣው ግን መጨረሻ ላይ፣ ሙሽራዋ ከቤት ልትወጣ ስትል ነው፡፡

የሚያድነውም የሚዋሸውም አንድ ነው

አሁን ወደ ነገሩ እምብርት መጣን፡፡ የጸሐፊውን መመሪያ እንደገና የሚጽፈው ፕሮግራም ኤምፒቱል ይባላል፡፡ ኮንትሮለሩን የሚሠሩት እንደ ፊሰን፣ ሲሊከን ሞሽን፣ አልኮር፣ ቺፕስባንክ ያሉ ኩባንያዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አላቸው፡፡ ሥራው በፋብሪካ ውስጥ ነው፡፡ አዲስ ፍላሽ ተገጣጥሞ ሲያልቅ ፕሮግራሙ ቺፑን ከዳር እስከ ዳር ይፈትሻል፣ የተበላሸውን ክፍል ለይቶ «እዚህ አትጻፍ» ብሎ ይመዘግባል፣ የቀረውን ቆጥሮ ትክክለኛውን መጠን ይጽፋል፡፡ እንከን ያለበት ቺፕ በርካሽ የሚሸጠው በዚህ መንገድ ነው፡፡ 16 ሊሆን የተሠራው 8 ብቻ ጤነኛ ከሆነ፣ 8 ተብሎ ቢሸጥ ነውር የለበትም፡፡

ይኸው ፕሮግራም ግን «መጠኑን እኔ ልንገርህ» ለሚለውም ይታዘዛል፡፡ 128 በል ካላችሁት 128 ይላል፡፡ ውሸቱን የጻፈው መሣሪያና ውሸቱን የሚያርመው መሣሪያ አንድ ናቸው፡፡ ወንድማችን «እጄን የፈራሁት» ብለህ የፈረምከው ለዚህ ይመስለናል፡፡ እጅህ ግን ምንም አላጠፋም፣ የታዘዘውን ነው የሠራው፡፡ ጥያቄው ማን ያዝዘው የሚለው ነው፡፡

ነገሩ በሠርግ ቪዲዮ ብቻ የሚያበቃ እንዳይመስላችሁ፡፡ በፈረንጆቹ 2014 ካርስተን ኖልና ያዕቆብ ሌል የተባሉ የጀርመን ተመራማሪዎች የፍላሽን ፈርምዌር ለውጠው፣ ፍላሹ ራሱን ለኮምፒዩተር «ኪቦርድ ነኝ» ብሎ እንዲያስተዋውቅና በራሱ ትእዛዝ እንዲጽፍ አድርገው አሳይተዋል፡፡ መንገድ ላይ ወድቆ ያገኛችሁትን ፍላሽ ኮምፒዩተራችሁ ላይ አትሰኩ የሚባለው ለዚህ ነው፡፡

የሞተ ፍላሽ ሲያጋጥማችሁ

ከደብዳቤው ተነሥታችሁ «ታዲያ የእኔም ፍላሽ ይድናል?» የምትሉ ብዙ እንደምትሆኑ እናውቃለን፡፡ ፍላሽ ለእኛ አገር ወጣት ከዕቃ በላይ ነው፡፡ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ ዘፈኑ፣ ፊልሙ፣ ፎቶው ሁሉ እዚያ ነው፡፡ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየ ጊዜ ፋይል ከሰው ወደ ሰው ይሄድ የነበረው በኪስ ነበር፡፡ ስለዚህ ፍላሹ ሲሞት ልብ ይደነግጣል፡፡ ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ከመሮጣችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ፡- የምትፈልጉት ፍላሹን ነው ወይስ ውስጡ ያለውን?

ውስጡ ያለውን ከሆነ ማንም ፍላሽ እንዲያደርገው አትፍቀዱ! ኤምፒቱል ሥራውን ሲጀምር ያለውን ሁሉ ጥርግ አድርጎ ነው፡፡ ስሙ ራሱ ከዚያ የመጣ ነው፡፡ በፈረንጆቹ 1984 የቶሺባው መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ ይህን ዓይነት ቺፕ ይፋ ሲያደርግ፣ ብዙ መረጃ በአንድ ጊዜ መሰረዙ የካሜራ ብልጭታ ስላስታወሰው ባልደረባው «ፍላሽ» ይባል አለ፣ ስሙም ጸደቀ፡፡ ስለዚህ መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን ሞክሩ፡፡ ሌላ መሰኪያ፣ ሌላ ኮምፒዩተር፡፡ ፋይሎቻችሁ ጠፍተው በምትካቸው ሾርትከት ብቻ ከታየ ቫይረስ ነው፡፡ ፋይሎቹ ተደብቀው እንጂ ሳይጠፉ ሊሆን ስለሚችል፣ ሾርትከቱን ሳትነኩ ንጹሕ ኮምፒዩተር ላይ የተደበቁ ፋይሎችን እንዲያሳይ አድርጋችሁ እዩ፡፡ ፍላሹ ጭራሽ ካልታወቀና ጫፉ ከተንጋደደ ወይም ወድቆ ከሆነ፣ ብየዳው ለቆ ይሆናል፡፡ ጥሩ እጅ ያለው ጠጋኝ መልሶ ቢበይደው ፋይሉም አብሮ ሊነሣ ይችላል፡፡ ከዚያ የሚከብደው ቺፑን ነቅሎ በልዩ መሣሪያ ማንበብ ነው፣ እሱ የልዩ ባለሙያ ሥራ ነው፡፡

ፋይሉ የማያሳስባችሁ ከሆነና «ኢንሰርት ዲስክ» ወይም ዜሮ ባይት ካለ፣ ጸሐፊው መመሪያውን ረስቷል ማለት ሊሆን ይችላል፡፡ እዚህ ላይ ፍላሽ ማድረግ ይሠራል፡፡ መንገዱ ባጭሩ እንዲህ ነው፡-

አንደኛ፣ ቺፕጂኒየስ በሚባለው ፕሮግራም የኮንትሮለሩን ማንነት ማወቅ፡፡ ላዩ ላይ የተጻፈውን የፋብሪካ ስም አትመኑ፣ በአንድ ስም የሚሸጡ ሁለት ፍላሾች ውስጣቸው የተለያየ ኮንትሮለር ሊሆን ይችላል፡፡

ሁለተኛ፣ ለዚያ ኮንትሮለርና ለዚያ ቺፕ የሚስማማውን ኤምፒቱል መምረጥ፡፡ የማይስማማ ከሆነ ጨርሶ ሊገድለው ይችላል፡፡ እነዚህ ፕሮግራሞች ከፋብሪካ አፈትልከው የወጡ ስለሆኑ ብዙዎቹ ቫይረስ ተጭኖባቸው ይዞራሉ፡፡ የሰው ፋይል በሌለበት አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ መሥራት ይሻላል፡፡

ሦስተኛ፣ መጠኑን ለፕሮግራሙ መተው፡፡ ቺፑን ሙሉ በሙሉ እንዲፈትሽ ማድረግ፣ ያገኘውን ይጻፍ፡፡ 128 የተባለው 7 ነኝ ካለ፣ 7 ነው፡፡

አራተኛ፣ በመሐል አለማቋረጥ፡፡ መብራት እንደምታውቁት ነው... ስለዚህ ባትሪው የሚሠራ ላፕቶፕ ላይ መሆኑ ይመረጣል፡፡ ለመሆኑ ብዙ ፍላሽ የሚሞተውስ እየተጻፈበት እያለ መብራት ሲጠፋ ወይም ሲነቀል አይደል?

አምስተኛ፣ ነቅሎ መልሶ መሰካት፣ ፎርማት ማድረግ፣ ከዚያ መፈተን፡፡ ከሞት የተነሣ ፍላሽ ዘፈንና ፊልም ይያዝ፡፡ የመመረቂያ ጽሑፍ አይጣልበት፡፡

ያልጠረጠረ ተመነጠረ

ለገዢዎች ደግሞ አጭር ምክር አለን፡፡ ኮምፒዩተራችሁ 128 የተባለውን 119 ቢላችሁ፣ 32 የተባለውን 29 ነጥብ ምናምን ቢላችሁ አትደንግጡ፡፡ ፋብሪካውና ዊንዶውስ ጊጋን የሚቆጥሩበት መንገድ ስለሚለያይ ነው እንጂ ማጭበርበር አይደለም፡፡ ማጭበርበሩ ቁጥሩ ልክ መስሎ ነው የሚመጣው፡፡

አስተማማኙ ማረጋገጫ ሞልቶ ማየት ነው፡፡ ኤችቱቴስትደብሊው የሚባል በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ፍላሹን ጢም አድርጎ ይሞላዋል፣ ከዚያ የጻፈውን መልሶ ያነብባል፡፡ ሊኑክስ የምትጠቀሙ ኤፍስሪ የሚባል አላችሁ፡፡ አዲስና ባዶ ፍላሽ ላይ ነው የሚሠራው፣ ጊዜም ይወስዳል፡፡ በሴኮንድ 10 ሜጋ ባይት የሚጽፍ ፍላሽ 128 ጊጋ ለመሙላት ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል፣ ማንበቢያው ሳይቆጠር፡፡ ማታ ለኩሳችሁት ተኙ፡፡

ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ ከሆነ ደግሞ ከ8 ጊጋ የሚበልጥ ፊልም አስገልብጡበት፡፡ በዚያው ፍጥነት 10 ጊጋ ለመገልበጥ 17 ደቂቃ ያህል ነው፣ አንድ ቡና ጠጥታችሁ ትመለሳላችሁ፡፡ ከዚያ ንቀሉት፣ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሰክታችሁ የመጨረሻውን ፊልም ከመሐሉ ክፈቱት፡፡ ይህ ስምንቱን ያጋልጣል እንጂ ሠላሳ ሁለቱን አያጋልጥምና ቤት ስትደርሱ ሙሉ ፈተናውን ድገሙት፡፡ ደረሰኝ ተቀበሉ፡፡ «ደረሰኝ የለም፣ መሞከርም አይቻልም» የሚል ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል፣ አመስግናችሁት ውጡ፡፡

ለእናትየዋ ምን ትላለህ?

ወንድማችን፣ ወደ አንተ ተመለስን፡፡ ቪዲዮ አንሺውን አናግረህ ስታበቃ፣ ምርቃቱ ተገኘም አልተገኘም እናትየዋን ራስህ አናግራቸው፡፡ በስልክ ባይሆን ይመረጣል፡፡ ከቻልክ ዳባት ድረስ ሂድ፣ ከጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ አገር መሻገር አይደለም፡፡ ለቅሶ ያልደረስክበት ቤት ነውና መጀመሪያ «ነፍስ ይማር» በል፡፡

ከዚያ ነገሩን አታድበስብሰው፡፡ «ፍላሹ ተበላሽቶ ነው» ብትላቸው የሚያምኑህ ይመስለናል፡፡ ክፋቱም እሱ ነው፡፡ ቪዲዮ አንሺውን ይወቅሳሉ፣ ወይም «እኔ ነኝ ነካክቼ ያጠፋሁት» ብለው ዕድሜ ልካቸውን ራሳቸውን ይወቅሳሉ፡፡ አሁንም ቢሆን እንዲህ እያሉ እያደሩ እንዳይሆን እንሰጋለን፡፡ «እማማ፣ እርስዎ ያጠፉት ነገር የለም፡፡ የሸጥንልዎ ፍላሽ ውሸት ነበር፡፡ ቁጥሩን የለወጥኩት እኔ ነኝ» በላቸው፡፡ ሊቆጡህ ይችላሉ፡፡ ሊያለቅሱም ይችላሉ፡፡ ተቀመጥና ስማቸው፡፡ የከፈሉትን ገንዘብ ከኪስህም ቢሆን መልስላቸው፡፡ የተረፈውን የሠርግ ክፍል በደህና ፍላሽ ላይ አድርገህ፣ ሌላ ግልባጭ ደግሞ ለሙሽራዋ ሰጥተህ ና፡፡ ይቅርታውን እሳቸው ይሰጡሃል ወይም አይሰጡህም፣ እሱ የእሳቸው ፈንታ ነው፡፡ እውነቱን መናገር ግን የአንተ ዕዳ ነው፡፡

ጋሼንስ?

ጋሼ ዘመድ ናቸው፣ ሥራም ሰጥተውሃል፡፡ ይህን ውለታ እርሳ አንልህም፡፡ ደንበኛ ፊት ወይም ሠራተኛ ፊት አትናገራቸው፡፡ ሱቁ ሲዘጋ ለብቻቸው ሁነው የዳባቷን እናት ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ንገራቸው፡፡ እሳቸውም ልጅ የሚድሩ ሰው ናቸው፡፡ «ራቅ ያለ ሰው ተመልሶ አይመጣም» ያሉት ነገር ውሸት መሆኑን ይኸው አየን፡፡ ተመልሶ መጣ... ያውም ነጠላውን ዘቅዝቆ!

ልባቸው ካልራራ በንግድ ቋንቋ አናግራቸው፡፡ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ስለ ዕቃ ሐሰተኛ ወይም አሳሳች መረጃ መስጠትን ይከለክላል፡፡ አንድ ሰው ፍላሹን ይዞ ንግድ ቢሮ ቢሄድ «እኔ አላወቅኩም» ማለት አይቻልም፣ ተለጣፊው እኮ የታተመው በእሳቸው ትእዛዝ ነው፡፡ በሌላ በኩል ደግሞ የአንተን እጅ በደንብ ለተጠቀመበት ሱቅ እንጀራ አለው፡፡ «ፍላሽዎን አምጡ፣ እውነተኛ መጠኑን እንፈትሻለን» የሚል ወረቀት በር ላይ ለጥፉ፡፡ ከእናንተ የተገዛውን ያለ ክፍያ ወደ ትክክለኛው መጠን መልሱ፣ ልዩነቱን ክፈሉ፡፡ የቀረውን ፍላሽ 8 ብላችሁ በ8 ዋጋ ሽጡ፡፡ ተማሪ 8 ጊጋም ይበቃዋል፡፡ በፈረንጆቹ 2000 የመጀመሪያዎቹ ፍላሾች ገበያ ላይ ሲወጡ የሚይዙት እኮ 8 ጊጋ ሳይሆን 8 ሜጋ ነበር፣ የዚያ ዘመን ሰው ያንንም እንደ ተአምር ነው የቆጠረው፡፡

እምቢ ቢሉስ? እንግዲህ አንዋሽህም፣ ከሥራ ሊያሰናብቱህ ይችላሉ፡፡ ዘመድ አዝማዱም «ያበላውን እጅ ነከሰ» ይልህ ይሆናል፡፡ ይኼ ቀላል አይደለም፣ በተለይ ሥራ እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ፡፡ ግን አስብበት፡፡ ሱቁ ሌላ ልጅ ቀጥሮ ቁጥር ማስለወጥ ይችል ይሆናል፡፡ አንተ ደግሞ የሞተ ፍላሽ የሚያነሣ፣ የለቀቀ ብየዳ የሚመልስ፣ ኮንትሮለር ከኮንትሮለር የሚለይ እጅ ይዘህ ነው የምትወጣው፡፡ ይህ እጅ በየትም ሱቅ ያበላል፡፡ የማያበላው «የዚያ ልጅ ፍላሽ ውሸት ነው» የተባለ ዕለት ነው፡፡ ጎንደር ትልቅ ከተማ ብትሆንም ለጠጋኝ ስም ትንሽ ናት፡፡ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ሲጠራ ግን አንተ በየትኛው በኩል ቆመህ እንዲገኝህ እንደምትፈልግ ከአሁኑ ወስን፡፡ አንድ ነገር ግን ከዛሬ ጀምሮ በእጅህ ነው፡፡ ሌላ አንድም ፍላሽ 128 አታድርግ፡፡ ለዚህ የማንንም ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልግህም፡፡

ውድ አንባቢያን፣ ለእናንተም አንድ የቤት ሥራ አለን፡፡ የምትወዱት ሰው ድምፅ ወይም ምስል በአንድ ፍላሽ ላይ ብቻ ካላችሁ፣ ይህን ጋዜጣ አጥፋችሁ ሳታስቀምጡ ሌላ ቦታም ገልብጡት፡፡ ውድም ይሁን ርካሽ፣ እውነተኛም ይሁን ውሸት፣ ፍላሽ አንድ ቀን ይሞታል፡፡ ሁለት ግልባጭ ያለው ሰው ያን ቀን የሚያዝነው ለዕቃው ብቻ ነው፡፡